አንድ ኮሪደር፣ አምስት በር

መጋቢት 17 ቀን፣ ረቡዕ። በሆስፒታሉ የአንሶላ ክፍል ግድግዳ ላይ የሃያ ሦስት ሰዎች ስም ያለበት ሠንጠረዥ ተለጥፏል። ከአሥራ ዘጠኙ ስሞች አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ተደርጓል፤ አራቱ ባዶ ናቸው። ምልክቱን የምታደርገው ነርስ በዚያ ጠዋት አልመጣችም።

በሃያ ዘጠኝ ዓመት ከሰባት ወር አገልግሎቷ ሳታስታውቅ ከሥራ የቀረችው በዚያች ቀን ብቻ ነው። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ማንም ልብ አላለም፤ ከአንዱ ቢሮ ወጥታ ወደ ሌላው እየገባች ይሆናል ብለው ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ወንድሟ ደውሎ አልጋዋ ላይ እንዳለች ማረፏን ተናገረ። ልቧ ነበር። ስልኩን ያነሣው ሰው መርዶውን ለመንገር የአንሶላ ክፍሉን በር ሲከፍት፣ ስድስት ሰዎች በታጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጠው ሲከራከሩ አገኘ። እነዚያን ስድስት ሰዎች እዚያ ያስቀመጠቻቸው እሷ ነበረች።

የሥራ ቦታ ቅጽል ስሟ ጥድፊያ ነው። ይህን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ የሚሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሦስቱም ማስረጃ የላቸውም። ሻይ የምትጠጣው ቆማ ነው። ምሳዋን የምትበላው በአንድ እጇ የበር እጀታ ይዛ ነው። ሰው ስታነጋግር አፏ ሳይጨርስ እግሯ ይጀምራል። የምትኖረው ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት ባለው ቤት፣ በስድስት ዓመት ከምትበልጠው ወንድሟ ጋር ነበር። ወንድሟ አንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤት ውስጥ ይሠራል።

“እትዬ፣ ወንበሩ ይነክሳል እንዴ?” ይላታል።

“አንተ ተቀመጥልኝ። የእኔንም ድርሻ።”

አላገባችም። አንድ ጊዜ ታጭታ ነበር። ለምን እንደቀረ የጠየቃትን ሁሉ “ሰውዬው ሲያወራ ቀስ ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ አረጃለሁ ብዬ ፈራሁ” ትለዋለች። ይህን ብላ ትስቅና ወዲያው ሌላ ነገር ታነሣለች። እውነቱን ማንም አያውቅም፤ ወንድሟም ጭምር።

በአረጋውያን ክፍል ውስጥ ዕድሜዋን ያሳለፈች ነርስ መሮጥ እንጂ መመራመር ምን አገባት የሚሉ ነበሩ። ነገሩ የጀመረው በአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ነው። ሰውየው ዳሌያቸው ተሰብሮ ገቡ፤ ታከሙ፤ አጥንቱ ገጠመ፤ መራመድ ግን እምቢ አሉ። ዶክተሩ ስለ ልባቸው የጻፈበት አቃፊ አለ። ፋርማሲስቷ ስለ ዘጠኝ ዓይነት መድኃኒታቸው የጻፈችበት ሌላ አቃፊ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ “ታማሚው አይተባበሩም” ብሎ የጻፈበት አለ። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋም የራሷ አላት፤ ነርሶቹም የራሳቸው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጥድፊያ አምስቱን አቃፊ ከአምስት ቦታ ለቅማ፣ ባዶ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ፣ ቆማ አነበበች። አንደኛው መድኃኒት ከአልጋ ሲነሡ ያዞራቸዋል። ሲያዞራቸው ይፈራሉ። ሲፈሩ አይራመዱም። ቤታቸው ደግሞ ደረጃ አለው፤ ደረጃውን እንዴት እወጣለሁ እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። መልሱ አምስት ቦታ ተበታትኖ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦት አያውቅም። የመድኃኒቱ ሰዓት ተለወጠ፤ በአራተኛው ቀን ፖስተኛው ኮሪደሩን በምርኩዝ አቋረጡት።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሣት። ሰዎቹ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት፣ ገና በየቤታቸው ሳሉ፣ አምስቱም ዓይን አንድ ላይ ቢያያቸውስ? ዶክተሩ ጋ ሄደች። ዶክተሩ የክፍሉ ኃላፊ፣ ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ጫማው እንደ መስተዋት የሚያበራ ሰው ነው።

“ሐሳቡ ጥሩ ነው። ፋርማሲስቷ እሺ ካለች እኔ አለሁበት” አላት።

ፋርማሲስቷ “ዶክተሩ ካለ እኔም አለሁ” አለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ሁለቱ እሺ ይበሉ አለ። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ ሦስቱን እስቲ ልይ አለች። ሁሉም እሺ ብለዋል፤ ማንም ግን አልጀመረም። ሁለት ሳምንት ከተመላለሰች በኋላ ትዕግሥቷ አለቀና ለእያንዳንዳቸው “ሌሎቹ ገብተዋል፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው” አለቻቸው። በሚቀጥለው ረቡዕ በሦስት ሰዓት ሁሉም መጡ።

“ዋሸሻቸው?” አላት ወንድሟ።

“አልዋሸሁም። ቀድሜ ነገርኳቸው እንጂ።”

የመሰብሰቢያው ቦታም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ዶክተሩ ቢሮ ከሆነ ፋርማሲስቷ ታኮርፋለች፤ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ከሆነ ዶክተሩ ስልክ መጣብኝ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የማንም ያልሆነውን መረጠችላቸው፤ የአንሶላ ክፍሉን። ወንበር የለውም። የታጠበ አንሶላ ክምር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ክምሩ ሲሰምጥ ዶክተሩም እኩል ይሰምጣል። ሁለት ደንብ አወጣች። አንደኛው፣ ማንም ስለ ራሱ ሙያ ሌላው ሳይጠይቀው አይናገርም። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሰው አንድ ሙሉ ጠዋት የሌላውን ሥራ እየተከተለ ይሠራል። ዶክተሩ የፊዚዮቴራፒስቱን ሜትር ይዞ መሬት ላይ ተንበርክኮ የአሮጊቶች እርምጃ ሲለካ ዋለ። ጉልበቱን እያሻሸ ተመልሶ መጣና እንዲህ አለ፦

“ሠላሳ ዓመት አረጋውያን ሳክም ሲራመዱ አይቻቸው አላውቅም። ለካ እኔ የማውቃቸው ተኝተው ነው።”

ያን ቀን ጥድፊያ በደስታ ሦስት ጊዜ ደረጃ ወጥታ ወረደች።

በኋላ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አንደኛው የቁጥሩን ነገር የሚያውቀው ስታቲስቲሽያን ነው፤ የእሷ እኩያ፣ ነገረኛ፣ ኪሱ በእርሳስ የተሞላ። ሁለተኛዋ የማስታወስ ችሎታ የምትመረምረው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት፣ ከሁሉም በኋላ የመጣች፣ ከሁሉም ይልቅ ጠንቃቃ።

ለጥናቱ በአካባቢው በየቤታቸው የሚኖሩ ስልሳ አራት አረጋውያን ተመዘገቡ። እዚህ ላይ ነው ጥድፊያ በጣም የምትኮራበትን ነገር ያደረገችው። አረጋውያኑ አምስት ቀን እንዳይመላለሱ ሁሉንም ምርመራ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ኮሪደር አደረገችው። አምስት በር፤ ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው። በቀን ስምንት ሰው፣ ለስምንት ቀን። ራሷ ከቤታቸው በሆስፒታሉ መኪና ታመጣቸዋለች፤ ራሷ ክንዳቸውን ይዛ ከበር ወደ በር ታደርሳቸዋለች። የበሮቹን ቅደም ተከተል ያወጣችውም እሷ ናት። የመጀመሪያው በር የዶክተሩ ነው፤ ደም የሚቀዳው እዚያ ስለሆነ ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ። ሁለተኛው የፋርማሲስቷ፣ ሦስተኛው የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ፤ አራተኛው ኮሪደሩን የሚያስኬደውና ከወንበር አምስት ጊዜ የሚያስነሣው ፊዚዮቴራፒስት ነው። ወጣቷ አዲስ ስለሆነች አምስተኛው ደረሳት፤ ቃል የምታስይዝበት፣ ሰዓት የምታስልበት። ማንም አልተቃወመም፤ ማንም አልተጣላም። ከሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ውስጥ ሰላማዊ የምትለው ሳምንት ያ ነበር።

ውጤቱ በየካቲት አጋማሽ ወጣ። ከስልሳ አራቱ ሃያ ሦስቱ የማስታወስ ፈተናውን አላለፉም። ከሠላሳ በሚታሰበው ፈተና ሃያ አራት ማለፊያ ነው፤ እነሱ ከዚያ በታች ናቸው። ወጣቷ ይህን ያህል ይሆናል ብላ አልጠበቀችም፤ የጥናቱ ትልቁ ግኝት ሆነ። ለሃያ ሦስቱ ቤተሰቦች ደብዳቤ ተላከ። ደብዳቤው አጭር ነው፦ የማስታወስ ችሎታቸው እየደከመ ስለሆነ ብቻቸውን መኖራቸውና መሥራታቸው አደጋ አለው ይላል።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ፣ ጥድፊያ የሥራ ጋዋኗ ጠርዝ ተተርትሮ ልብስ ሰፊው ጋ ሄደች። ልብስ ሰፊው የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ናቸው፤ ከሃያ ሦስቱ አንዱ። ሱቃቸው ከፊት፣ መኝታቸው ከኋላ ነው። የሲንጀር ስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የወረቀት ቅዶች ተንጠልጥለዋል።

“አባባ፣ እንደምን ዋሉ? ይቺን ነገር ይስፉልኝ ቶሎ።”

“መቼስ አንቺ ቀስ ብለው ይስፉልኝ ብለሽኝ አታውቂም” አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየገፉ። ከዚያ ቁመቷን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። “ከስተሻል ልጄ። የዛሬ አራት ዓመት ሰማያዊ ቀሚስ ስሠራልሽ ወገብሽ ሰባ ስምንት ነበር። አሁን ሰባ አንድ ብትሆኚ ነው።”

ሜትሩን ከአንገታቸው አውርዳ ራሷን ለካች። ሰባ አንድ።

“ሰማያዊው ቀሚስ ኪሱ በየት በኩል ነበር?” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

“በግራ። በቀኝ ያድርጉልኝ ብለሽ ነበር፤ በኋላ ሐሳብሽን ቀየርሽ። ቁልፎቹ ሰባት ናቸው፤ ሰባተኛው ትርፍ ነው። ምነው? ጠፋብሽ?”

ጥድፊያ ቆማ ቀረች። እሷ ቆማ ስትቀር እንደ ሌላው ሰው አይደለም፤ ጣቶቿ ጋዋኑን እያጠፉ ይፈታሉ።

“አባባ፣ ታዲያ ያን ቀን ሰዓት ይሳሉ ሲባሉ ለምን አልሳሉም?”

“እሱን ነው የምትይኝ!” ሳቁ። “ጠዋት ሳልበላ መጣሁ። ደሜን ወሰዱ። ስንት ኪኒን ትውጣለህ አሉኝ፣ ማን ያበስልልሃል አሉኝ። ያ ረጅሙ ልጅ ተነሥ ተቀመጥ፣ ተነሥ ተቀመጥ አለኝ። መጨረሻ ላይ አንዲት ቆንጆ ልጅ እግር ሰዓት ይሳሉ አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ የሚታየኝ ሰዓት የምሳ ሰዓት ብቻ ነበር።” ከዚያ ሳቃቸው ቆመ። “ልጄ ግን ደብዳቤውን አንብባ አለቀሰች። ካውያ ረስተህ ቤቱን ብታቃጥልብኝስ አለች። ሱቁን መጋቢት 20 የሚረከብ ሰው አግኝታለች። እኔን አራተኛ ፎቅ፣ እሷ ጋ ልትወስደኝ ነው።”

“እርስዎስ ምን አሏት?”

“ምን እላታለሁ? ሐኪም ጽፎታል። ወረቀት ከእኔ ይበልጣል።”

ጋዋኑን ሳይሰፉላት ይዛው ወጣች። ከኋላዋ ሲጠሯት አልሰማችም።

አምስቱ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የየራሳቸውን በር ነው። ሰዎቹ ከአንዱ በር ወጥተው ወደ ሌላው ሲገቡ ምን እንደሚመስሉ ያየ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ክንዳቸውን የያዘች እሷ። ክንዳቸው በአራተኛው በር ላይ ሲንቀጠቀጥ ተሰምቷት ነበር። ተሰምቷት “በርቱ፣ አንድ በር ብቻ ቀረ” ብላቸዋለች። ያ ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፈ ወንድሟ ያውቃል። ከማድ ቤት ወደ በር፣ ከበር ወደ ማድ ቤት። ሦስት ጊዜ ሻይ ጥዳ ሦስቱንም አልጠጣችም። በእጇ ደረቷን ስታሻሽ “ምንድን ነው?” አላት።

“ምንም። ጨጓራ ነው። ተወኝ ባክህ።”

መጋቢት 1፣ ሰኞ፣ ስታቲስቲሽያኑ በሩን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

“ምነው፣ ሌባ ገባ?” አለ ቁልፉን እየፈለገ።

“ፈተናው የተጀመረበት ሰዓት ቅጹ ላይ አለ አይደል?”

“አለ። ማንም ግን አይቶት አያውቅም።”

“አንተ እየው።”

አየ። ከስምንቱ ቀን በአንደኛው ወጣቷ ጥርሷን ታማ ወደ ሐኪም መሄድ ስለነበረባት ሥራዋን በማለዳ ጨርሳ ነበር፤ በዚያ ቀን አምስተኛው በር መጀመሪያ ሆነ። በዚያ ቀን የተፈተኑት ስምንቱም አልፈዋል። በቀሩት ሰባት ቀናት ከሃምሳ ስድስቱ ሃያ ሦስቱ ወደቁ፤ ከእነሱም አብዛኞቹ ፈተናው ላይ የተቀመጡት ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው።

“ስምንት ሰው ማስረጃ አይሆንም” አለ እርሳሱን እየቀረጸ።

“ጥርጣሬ ይሆናል?”

“ጥርጣሬማ ይሆናል። ጥሩ ጥርጣሬ ነው።” ቀና ብሎ አያት። “ግን ታውቂዋለሽ አይደል፤ ሪፖርቱ መጋቢት 8 ይገባል። ልጅቷ ይህን ግኝት በጉባኤ ላይ እንድታቀርብ ተጋብዛለች። ዶክተሩ ፊርማውን አኑሯል። እና ቅደም ተከተሉን ያወጣው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ምን ልትይ ነው?”

“የሆነውን።”

“ቡድኑ ይፈርሳል። ስድስት ዓመት ነው የለፋሽበት።”

“ሰውዬው ሱቃቸውን የሚያስረክቡት መጋቢት 20 ነው” አለችና ወጣች። ደረጃው ላይ ቆማ ግድግዳውን ተደገፈች፤ ስታቲስቲሽያኑ በመስኮት አያት፤ የምታስብ መስሎት ነበር።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ፣ ሁሉም በአንሶላው ላይ እንደተቀመጡ እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ተናገረች። ቃላቷ አጭር ነበር። ሃያ ሦስቱ እንደገና ይፈተኑ፤ በጠዋት፣ ቁርስ በልተው፣ ከሌላው ሁሉ በፊት።

ወጣቷ ፊቷ ተለዋወጠ። “ሲስተር፣ ፈተናዬ ስህተት ነው እያሉ ነው?”

“ፈተናሽ ልክ ነው የኔ እመቤት። አስርቤና አድክሜ ነው ያመጣሁልሽ።”

“እኔ በሥርዓቱ ነው የሠራሁት። አንድም ደንብ አልጣስኩም።”

“አልጣስሽም። የጣሰ ሰው የለም። ሁላችንም በየበራችን ልክ ነበርን።”

ዶክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። “ቆይ፣ ቅደም ተከተሉን ያወጣው ማን ነው?”

“እኔ።”

“ደም ከፈተናው በኋላ ሊቀዳ ይችል ነበር። ለምን እኔን አስቀደምሽ?”

“እርስዎ እንዳይቀየሙ ነዋ!”

ፊዚዮቴራፒስቱ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ። ዶክተሩ አልሳቀም። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። ሪፖርቱ አይዘገይም፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ሁሉ ጠዋት ቁርስ ስላልበላ አእምሮውን አይስትም፣ በስምንት ሰው ላይ ተመሥርቶ የስልሳ አራት ሰው ሥራ አይጣልም አለ። ወጣቷ ወረቀቷን ሰብስባ ከእሱ በፊት ወጣች። ስብሰባው ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በታች ፈጀ።

ያን ቀን ጥድፊያ ሁሉንም ቢሮዎች አዳረሰች። ፋርማሲስቷን ለመነች፤ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋን ለመነች። መጨረሻ ወጣቷ በር ላይ ቆማ አንኳኳች። ወጣቷ ዓይኗ ቀልቷል።

“ማስረጃ ያምጡልኝ” አለች። “ስሜት አይደለም። ጤነኛ መሆኑን ሁላችንም የምናውቀው ሰው ሳይበላ አምስቱን በር ይለፍና እኔ ልፈትነው። ከወደቀ ራሴ ሪፖርቱን እመልሳለሁ።”

“ጤነኛ አረጋዊ ከየት ላምጣልሽ በአንድ ቀን?”

ወጣቷ ጣሪያውን አየች። “ስልሳ የሞላው ይበቃል።”

ዶክተሩ እንዴት እሺ እንዳለ ሁሉም የሚተርከው የተለያየ ነው። ስታቲስቲሽያኑ “ፈርቷል” ተብሎ ወሬ እንደሚነዛ ነግሬው ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ ሐሙስ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ መጣ። የገዛ ነርሱ ደሙን ቀዳችው። ፋርማሲስቷ የሚወስደውን ሁሉ ዘርዝሮ እንዲናገር አደረገችው፤ ለሚስቱ ያልነገራት አንድ ኪኒን ተገኘ። በየበሩ ደጃፍ ላይ እንደማንኛውም ሰው በጠንካራው አግዳሚ ላይ ጠበቀ። ፊዚዮቴራፒስቱ ኮሪደሩን ስድስት ጊዜ አመላለሰው፤ ከወንበር አምስት ጊዜ ሲያስነሣው “በርቱ አባባ” አለው። ጥድፊያ ክንዱን ይዛ ነበር። አምስተኛው በር የደረሰው ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው።

ወጣቷ አምስት ቃል ነገረችው። ቁጥር አስቀነሰችው። ሰዓት አሳለችው። ቃሎቹን መልሰው ይንገሩኝ ስትለው ሦስቱን ተናገረ። መስኮቱን አየ። ከመስኮቱ ማዶ የሠራተኞች ምግብ ቤት በር ተከፍቷል።

ወጣቷ ደመረች። እንደገና ደመረች።

“ስንት ነው?” አለ ዶክተሩ።

“ሃያ ሦስት።” ከዚያ ፊቷን ሳትፈታ “ዶክተር፣ ብቻዎን መኖርዎና መሥራትዎ አደጋ አለው” አለችው።

ከዚያ ዶክተሩ ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ወረቀቱን አንሥቶ የሳለውን ሰዓት ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። “ይህን ደብዳቤ ለሃያ ሦስት ቤት ልከናል” አለ። “ፊርማው የእኔ ነው።”

ሪፖርቱ እንደሚዘገይ በዚያው ቀን ተጻፈ። ስታቲስቲሽያኑ ያለፉትንም ሰዎች አሥሩን በዕጣ አውጥቶ ከሃያ ሦስቱ በኋላ እንዲደገሙ አደረገ፤ የወደቁትን ብቻ ከደገምን የምንፈልገውን መልስ ፍለጋ ሄድን ይባላል ብሎ ነው። ወጣቷ ቃሎቹን በሌሎች ቃሎች ለወጠች፤ ሸምድደውት እንዳይሆን።

ከመጋቢት 5 ጀምሮ ጥድፊያ አላረፈችም። ከረቡዕና ከእሑድ በስተቀር በየጠዋቱ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት አድርጋ ታመጣቸዋለች፤ ዳቦና ሻይ ታቀርብላቸዋለች፤ ሲጨርሱ ቤታቸው ትመልሳቸዋለች። ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደረቷን ይዛ ሲያያት “ነገ እኔ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ልብሽን አየዋለሁ” አላት።

“ሃያ ሦስቱ ይለቁና።”

“ጥድፊያ፣ ትእዛዝ ነው።”

“እሺ ዶክተር። ሃያ ሦስቱ ይለቁና።”

ልብስ ሰፊው መጀመሪያ ከተደገሙት አንዱ ነበሩ። ሃያ ሰባት አገኙ። ሰዓት ይሳሉ ሲባሉ “በየትኛው ሰዓት ላይ ላድርገው? ደቂቃውንም ጨምሬ ልሳልልሽ” አሏት ወጣቷን። ከሃያ ሦስቱ እስከ መጋቢት 16 ከተደገሙት አሥራ ዘጠኝ ሰዎች አሥራ አራቱ አለፉ። አምስቱ አላለፉም። የእነዚያ አምስት ሰዎች ነገር እውነት መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጥድፊያ ከአምስቱ አንዷን አሮጊት ቤታቸው መልሳ ስትመጣ የሆስፒታሉ መኪና ውስጥ አልቅሳለች፤ ሾፌሩ ነው የተናገረው።

ለልብስ ሰፊው ልጅ የሚጻፈው አዲሱ ደብዳቤ ግን ሰባት ቀን ሙሉ አጨቃጨቀ። ዶክተሩ “ጤነኛ ናቸው” ተብሎ ይጻፍ አለ። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበታቸው ደካማ ነው፣ ከወንበር ሲነሡ ይንገዳገዳሉ፣ ይህን ዘልለን ቢወድቁስ አለ። ፋርማሲስቷ የግፊቱ ኪኒን ከጠዋት ወደ ማታ ይዛወር አለች። የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋ የሱቃቸው ደፍ ከፍ ያለ መሆኑን ሄዳ አይታለች። ልማዱ እያንዳንዱ የየራሱን ወረቀት መጻፍ ነው። ጥድፊያ አንድ ወረቀት ካልሆነ አልወስድም ብላ ድርቅ አለች። ከቢሮ ቢሮ ይዛው ዞረች፤ አንዱ የሰረዘውን ሌላው መለሰው፤ አምስት ጊዜ ተተየበ። ማክሰኞ መጋቢት 16 በምሳ ሰዓት ስድስት ፊርማ ያረፈበት አንድ ገጽ ሆኖ ወጣ። በሆስፒታሉ የጽሕፈት ክፍል ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ወረቀት አልተመዘገበም።

“በፖስታ ይላክ?” አለች ጸሐፊዋ።

“ሱቁን ቅዳሜ ያስረክባሉ፤ ምን ፖስታ ትይኛለሽ!” አለችና የመረከቢያ ደብተሩን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

የልብስ ሰፊው ልጅ የአርባ አምስት ዓመት ሴት ናት፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላት። ጥድፊያ ስትገባ ለአንድ ተማሪ ወረቀት እያባዛች ነበር። ማሽኑ እስኪያቆም ድረስ ጥድፊያ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ተመላለሰች፤ ማስመሪያ አነሣች፣ መለሰች።

“ሲስተር! ደግሞ ምን መጣ?” አለች ሴትዮዋ እጇን እየጠረገች።

“አንብቢው።”

አነበበችው። ማሽኑ ላይ ተደግፋ ሁለተኛ አነበበችው።

“ባለፈው አይችሉም ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። አሁን ደግሞ ይችላሉ ትሉኛላችሁ። የቱን ልመን?”

“ይኼኛውን። ያንን የጻፍነው አባትሽን አስርበን፣ አድክመን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በሮቹን የደረደርኩት እኔ ነኝ።”

“እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ አልተኛሁም። ካውያው በሕልሜ ይመጣል።” ድምጿ ተሰበረ። “ሱቅህን ልዘጋው ነው ስለው ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።”

“ካውያው እዚያው ላይ ተጽፏል፤ አራተኛው መስመር። ማስቀመጫው ዝቅ ይበል ይላል፤ ቁመቱንም ለክተውታል። ደፉ ላይ መያዣ ብረት ይተከል። ኪኒኑ ማታ ይሁን። ጉልበታቸው ነው እንጂ ጭንቅላታቸው ደህና ነው። ወገቤን በዓይናቸው ለክተው በሴንቲሜትር ነገሩኝ።”

ሴትዮዋ በእንባዋ መካከል ፈገግ አለች። “እሱማ ልማዱ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወገብ ያውቃል።” ወደ ፊርማዎቹ ጣቷን አስጠጋች። “ይህን ሁሉ ሰው አንድ ወረቀት ላይ ማን አስፈረማቸው?”

“እኔ። እግሬ እስኪቀጥን።”

“ሱቁን ለሚረከበው ሰው ምን ልበለው? ቃል ሰጥቻለሁ።”

“አባቴ ገና ሥራ ላይ ናቸው በይው።”

ሴትዮዋ ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ደወለች። “እኔ ነኝ። የቅዳሜው ይቅር። … አይደለም፣ ዋጋ አይደለም። አባቴ ሥራ ላይ ነው።” ስልኩን አስቀመጠች፤ ተማሪው የተባዙ ወረቀቶቹን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል።

“እዚች ጋ ፈርሚልኝ” አለች ጥድፊያ ደብተሩን ከፍታ። “ሰዓቱንም ጻፊ። እነሱ ሰዓት ከሌለው አያምኑኝም።”

ሴትዮዋ ፈረመች። በመረከቢያ ደብተሩ ገጽ 41፣ ተራ ቁጥር 6 ላይ እንዲህ ይነበባል፦ አንድ ገጽ ደብዳቤ፤ አድራሽ፣ ነርስ፤ ተረካቢ፣ ልጃቸው፤ ቀን 16/7፤ ከቀኑ 10፡20፤ የተረካቢ ፊርማ አለው።